ሰማያዊ የተቀባው በሬ

ካሱ ዳና በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ክው አለ። የመጀመሪያው ድንጋጤ ደስ የሚል ነበር። ሁለተኛውን ግን ለጠላትም አይስጥ።

የመጀመሪያው የደረሰበት አዲስ አበባ ፒያሳ፣ አንድ የድምፅ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው። አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ያለው ጸሎት ቤታቸው መዝሙር እየቀዳ በካሴት ያወጣል፤ ቀጂው ደግሞ ካሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል፣ ከሰዓት በኋላ ከመዘምራኑ ጋር መቅጃ ክፍል ይገባል። ክፍሉ ውስጥ ከሚሲዮኖቹ ዘመን የቀረ አንድ ግዙፍ ሚክሰር አለ። ማይክሮፎኑ ሁሉ የሚሰካው እሱ ላይ ነው፤ የእያንዳንዱ ዘማሪ ድምፅ እሱ ላይ ከፍ ዝቅ ይልና ወደ ቴፑ ይሄዳል። ከቦታው ለማንቀሳቀስ የመዘምራኑ ወንዶች በሙሉ ስለሚያስፈልጉ «በሬው» ይሉታል።

ካሱ በሬውን አይወደውም ነበር። ይሞቃል፣ ያጉረመርማል፣ የክፍሉን ግማሽ ይዞ ይተኛል። ከጃፓን የሚመጡት አዲሶቹ በብብት ተይዘው ሲሄዱ እያየ ይቀና ነበር። ሽማግሌዎቹን ለምኖ፣ ተለማምጦ፣ በመጨረሻም አኩርፎ አዲስ እንዲገዛ አዲስ አበባ ተላከ።

ባለሱቁ «አሁን ያላችሁ ሚክሰር ምን ያህላል?» ቢለው ካሱ ከኪሱ የመዘምራኑን ፎቶ አወጣ። መዘምራኑ ነጠላቸውን አጣፍተው በሬው ፊት ለፊት ተደርድረው የተነሱት ነው። ታዲያ የተበላሸ ቴፑን ሊያሠራ አጠገባቸው የቆመ አንድ ነጭ በካሱ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ ፎቶውን ሲያይ፣ የያዘውን ሻይ ባንኮኒው ላይ ደፋው። ይቅርታ እንኳ አልጠየቀም። ፎቶውን ከካሱ እጅ ሊነጥቅ ምንም አልቀረው።

ካሱ ሰውየው መሐል የቆመችውን ልጅ አይቶ መስሎት «ሄራን ትባላለች» አለው በእንግሊዝኛ። «ትባል ነበር» ብሎ ሊያርም ሲል የሰውየው ጣት ከሄራን ትከሻ አልፎ በሬው ላይ አረፈ።

«ይህን ማን ሰጣችሁ?»

ሰውየው ሄንሪክ ይባላል። የሀገራችንን ሙዚቃ ሊቀዳ ከዴንማርክ የመጣ ነው። ካሱን ከሱቁ አውጥቶ ቡና ቤት አስቀመጠውና አንድ ነገር አስተማረው፤ ካሱ ፊዚክስ አስተማሪ ሆኖ ሳለ ስንት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጦ ያላየውን ነገር። በሬው እንግሊዝ ሀገር በእጅ የተሠራ ነው። ያን ጊዜ እንዲህ ያለውን ዕቃ ሠርቶ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ ፋብሪካ አልነበረም፤ አዛዡ ያዝዛል፣ ሠሪው በልኩ ይሠራል። እያንዳንዱ ማይክሮፎን ለብቻው አንድ መሳቢያ አለው። አንዱ ቢበላሽ ተስቦ ይወጣና ሥራው ሳይቆም ሌሎቹ ይቀጥላሉ፤ ለሬዲዮ ጣቢያ ታስቦ የተቀየሰ ስለሆነ ነው። በየመሳቢያው ሆድ ውስጥ ብረት ላይ መዳብ የተጠመጠመበት ትራንስፎርመር ተቀምጧል። የሰውን ድምፅ ሥጋና ደም የሚያለብሰው እሱ ነው አለ ሄንሪክ።

በኋላ የመጡት ፋብሪካዎች ዋጋ ለመቀነስና ለማቅለል ብለው ብረቱንም መዳቡንም አስወጡት። የአውሮፓ ስቱዲዮዎችም አዲሱን እያስገቡ አሮጌውን ቆሻሻ ላይ ጣሉት። ለመዳቡ ሲባል በመዶሻ የተሰባበረውን ቤት ይቁጠረው። ከዚያ አንድ ቀን የቀዱትን ሲያዳምጡ ድምፁ ደርቆ አገኙት። አሁን ያን የጣሉትን በሻማ ይፈልጋሉ። አንዲት መሳቢያ እንኳ ብቻዋን ስትገኝ ይሻሙባታል።

«በፎቶው ላይ እንዳለ ከሆነ» አለ ሄንሪክ «ማለት ቀለሙ የራሱ፣ ቁልፎቹ የራሱ፣ ሆዱ ያልተነካ ከሆነ፣ በመኪና እለውጣችኋለሁ።»

«በምን ዓይነት መኪና?»

«የፈለጋችሁትን ምረጡ።»

ካሱ የያዘውን ስኒ ማስቀመጥ አቃተው።  ያ የሚያጉረመርም፣ እንዲጣል ሲለምን የከረመው ብረት! «ተራራ የሚወጣ ይሁን» ያለው እሱ ራሱ መሆኑን ያወቀው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

ተራራ የሚወጣ ያለው ያለ ነገር አይደለም። ባለፈው ክረምት ሄራን ደጋ ጨንቻ ባሏ ቤት ሆና ምጥ ያዛት። ልጁ አልመጣ ሲል ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ወረደ። ካሱ የዚያን ዕለት ለአገልግሎት እዚያው ነበርና ከፊት ያለውን አንዱን ጫፍ የያዘው እሱ ነው። ጭቃው ጉልበት ይውጣል። እናቷ እትዬ ልክነሽ ከኋላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ትከተል ነበር። ከተማው ከታች ቁልጭ ብሎ እየታያቸው፣ ሁለቱ ሐይቆች እየታዩ፣ ሄራን ቃሬዛው ላይ አረፈች። ልጁም አብሮ። ከዚያ ወዲህ ካሱ እሷ ያለችበትን ካሴት ከፍቶ መስማት አልቻለም። በደጋው ክሊኒክ በር ላይ አንድ መኪና ብትቆም ሄራን ዛሬ ትዘምር ነበር። ይህን የማያውቅ የጋሞ ሰው የለም፤ መኪናዋ ግን ከየት ትምጣ? አሁን ከየት እንደምትመጣ ካሱ አወቀ። ቡና ቤቱ ውስጥ፣ ሰው ፊት፣ አለቀሰ።

ካሱ የተሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው።

በማግስቱ ወደ ጸሎት ቤቱ ስልክ ደወለ። ያነሳው ጸሐፊው ክብሩ ነው።

«ወንድም ካሱ! ተባረክ! ሚክሰሩ ተገዛ ወይ?»

«ቆይ እሱን። ሐሙስ አንድ የውጭ እንግዳ ይዤ እመጣለሁ። መቅጃ ክፍሉን ያያል።»

«የውጭ እንግዳ? ምን ሊያደርግ?»

ካሱ አፉን ከፈተ። «በሬው የመኪና ዋጋ ያወጣልና ማንም ጫፉን እንዳይነካው» ሊል ነበር። ግን ወዲያው ሌላ ነገር ታየው። ሚሲዮኖቹ በሬውን መጀመሪያ ያስቀመጡት ደጋ ነው፤ የደጋው ጉባኤ የኛ ነው ይላል፣ የከተማው ጉባኤ የኛ ነው ይላል። እስከ ዛሬ ዋጋ የለውም ተብሎ ነው ዝም የተባለው። ዋጋው ከተሰማ ክርክሩ ዱቡሻ ይወጣል፤ አደባባይ ተቀምጠው ሲመካከሩ ወር ሊያልፍ ነው፤ ሄንሪክም ትቶ ይሄዳል። ደግሞ ክብሩ ከሰማ የሴቶች ኅብረት ይሰማል፤ የሴቶች ኅብረት ከሰማ ገበያው ይሰማል፤ ሌባ ይሰማል። ካሱ እንዲህ ነው ያሰበው። ምሥራቹን ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ማብሰር እንደቋመጠም አንደብቅለትም። እልልታው ሁሉ ቀድሞ ተሰምቶት ነበር።

«ዝም ብሎ ሊያይ ነው» አለ። «ትልቅ እንግዳ ነው። ብቻ ጠብቁን።»

«እንዴታ! አታስብ!» አለ ክብሩ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ሐሙስ በሄንሪክ የኪራይ መኪና ወረዱ። ከሶዶ በኋላ ሙቀቱ እየጨመረ፣ ሙዙ በግራ በቀኝ እየበዛ ሲሄድ የሄንሪክ ወሬም አብሮ በዛ። ቀለሙ ራሱ ታሪክ ነው ይላል። ያንን ግራጫ አረንጓዴ የቀየሱት ሰዎች ሰው ቀኑን ሙሉ ቢያየው ዓይኑ እንዳይደክም አስበው ነው። ቁልፉን ዓይን ሳያይ ጣት እንዲያውቀው ጠርዙ ተጠርቧል። ከሥሩ ያለው ነጭ ጽሑፍ በእጅ የተቀረጸ ነው። እነዚያ ሠሪዎች አብዛኞቹ ሞተዋል፤ የሚተካቸው የለም። ካሱ እያዳመጠ በልቡ መኪናዋን በዶርዜ ዳገት ላይ ይነዳታል።

የግቢውን በር ሲያልፉ የሴቶች ኅብረት ጥበብ ለብሶ ተሰልፏል። እልልታው ቀለጠ። ለእንግዳው ሙዝ፣ ማንጎ፣ የጫሞ ዓሣ ጥብስ በዳጣ ተዘጋጅቷል። ሽማግሌው ጋሽ ብዙነህ ኮት ለብሰው ቆመዋል። ካሱ ግን ከዓሣው ሽታ ጋር ሌላ ነገር ሸተተው፤ ቀለም። የዘይት ቀለም።

የመቅጃ ክፍሉን በር ቀብተውት ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና። ቀና ብሎ አየ። በሩ እንደ ወትሮው የተላላጠ ነው። ግድግዳውም እንደ ዱሮው ነው። 

«ግቡ፣ ግቡ!» አለች እትዬ ልክነሽ በሩን በሰፊው ከፍታ።

በሬው ሰማያዊ ሆኗል። የቀበሌ በር የሚቀባበት፣ የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ። ከዳር እስከ ዳር፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሁለት ጊዜ ተደርቦ ተቀብቷል። ነጩ ጽሑፍ ከቀለሙ ሥር ጠፍቷል። ጥቁሮቹ ቁልፎች በቦታቸው የሉም፤ ከገበያ በተገዙ ብልጭልጭ የራዲዮ ቁልፎች ተተክተዋል። ከላይ ደግሞ በእጅ የተሠራ ነጭ ዳንቴል ተዘርግቶበታል፤ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ።

ካሱ ትን ያለው ሰው ይመስል አየር ብቻ ይስባል። ሄንሪክ ቀስ ብሎ ሄዶ ጣቱን በሬው ላይ አሳረፈ፤ ጣቱ ሰማያዊ ሆኖ ተመለሰ። ከዚያ አንዱን መሳቢያ ያዘና ሳበ። መሳቢያው እየተጣበቀ እንደ ምንም ወጣ። ዘንበል ሲያደርገው ከትራንስፎርመሩ ሥር ውሃ ጠብ አለ። እንደገና ጠብ አለ። ወለሉ ላይ የሳሙና አረፋ ሠራ።

«ታጥቧል?» አለ ካሱ። የገዛ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። «ውስጡ ታጥቧል?»

«በኦሞና በሙቅ ውሃ!» አለች ልክነሽ ፊቷ በርቶ። «ስንቱ አቧራ ወጣ መሰለህ! ሁሉንም እያወጣን አጥበን፣ ሳር ላይ ፀሐይ አስመታን።»

«ማን አወጣው? አወጣጡን በምን አወቃችሁ?»

«እናውቅበታለን» አለች፤ ሴቶቹም እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ።

ካሱ ወደ ክብሩ ዞረ። «ኤሌክትሪክ እንዳትሰኩበት! ሰምታችኋል? ማንም እንዳይሰካበት!»

ክብሩ ጭንቅላቱን አከከ። «ዛሬ ጠዋት ሞክረነው ነበር እኮ። መብራቱ ቦግ አለ፣ ትንሽ ጨሰ፣ ከዚያ ፀጥ አለ። አዲስ ቀለም ሲሞቅ ይጨሳል ብለን…»

ሄንሪክ አማርኛውን ባይሰማም ክብሩ በእጁ ያሳየውን ጢስ አይቶ ገባው። መሳቢያውን አስቀምጦ ሌላውን ሳበ፤ አሸተተው። ሌላውን ሳበ። የተቃጠለ መዳብ ሽታ ቀለሙን አሸነፈው። የመጨረሻውን ካየ በኋላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ በሰማያዊ ጣቱ ሲጠርገው ጉንጩም ሰማያዊ ሆነ። ቢሳደብ ለካሱ ይሻለው ነበር።

ልክነሽ አማርኛን ያመጣችው ካደገች በኋላ ከከተማው ገበያ ነው፤ ወንዱና ሴቱ ቢቀያየርባት ግድ የላትም። ጠጋ ብላ «ልጄ፣ እንግዳው ወደደችው?» አለች።

ካሱ ለመዋሸት ተዘጋጅቶ ነበር። «ደክሞታል፣ መንገዱ ረጅም ነው» አለ።

«ሰው ለድካም አያለቅስም» አለች ልክነሽ። ዓሣውን የያዘችው ሴትዮ ሳህኑን ዝቅ አደረገች። እልልታው ከቆመ ቆይቷል። «ምን አጠፋን? ንገረን።»

ጋሽ ብዙነህ «ብረት አይደለም እንዴ፣ ይደርቃል» አሉ። 

ካሱ ተናገረ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ፒያሳ የሰማውን ሁሉ ተናገረ፤ በእጅ የተሠራ መሆኑን፣ በዓለም ላይ የቀረው ጥቂት መሆኑን፣ ዋጋው ያረፈው አሮጌው ቀለምና ያልተነካው ሆዱ ላይ መሆኑን። በመጨረሻም በመኪና ሊለወጥ እንደነበር ተናገረ።

«በመኪና» አለች ልክነሽ።

«አዎ።»

«ምን ልታደርጋት ነበር መኪናዋን?»

ካሱ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «ደጋ ክሊኒክ ልትቆም ነበር። ዳግመኛ ቃሬዛ እንዳንሸከም።»

ልክነሽ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዳንቴሉ የተዘረጋበትን በሬ አየች፣ ወለሉ ላይ ያለውን ውሃ አየች። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ደግፈው ያዟት። የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ግን አላወጣችም። ካሱን ያስፈራው ይህ ነው። ሟች ልጇን ተከትላ ስትወርድ እንኳ እንዲህ አላያትም።

«ልጄ ከሞተች እዚህ ክፍል ገብቼ አላውቅም» አለች። «እንግዳ ይመጣል ሲሉኝ፣ ልጄ የቆመችበት ቦታ ቆሽሾ አይታይም አልኩ። ቀለሙን የገዛሁት እኔ ነኝ። ኦሞውንም።»

«እትዬ ልክነሽ፣ እርስዎ ምን ያውቃሉ፣ ጥፋቱ…»

«ቆይ። ክብሩ ‹ዝም ብሎ ሊያይ ነው ብሏል› አለን። ዋጋውን ያን ጊዜ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን ሰወርከን?»

«ወሬው ይወጣል ብዬ ፈራሁ» አለ ካሱ። «ከእናንተ አፍ ያመልጣል ብዬ።»

ሴቶቹ ተያዩ። አሁን ማንም አልሳቀም። ልክነሽ የሚደግፏትን እጆች አስለቅቃ ብቻዋን ቆመች።

«ልጄ፣ ደርግ ይህን ቤት ሲያሽግ አንተ የት ነበርክ?»

«ሆሳዕና። ተማሪ ነበርኩ።»

«እነዚህን መሳቢያዎች ማን ያወጣቸው ይመስልሃል?»

 ስለዚያ ዘመን ሲወራ መድረክ ላይ የሚባለው «ጌታ ጠበቀልን» ብቻ ነው። በማን እጅ እንደጠበቀው ካሱ ጠይቆ አያውቅም። ጋሽ ብዙነህን አያቸው፤ ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

«የኢምፔሪያሊስት ሬዲዮ ነው ብለው ሊወስዱት ነበር» አለች ልክነሽ። «እኔና እነዚህ እህቶቼ በመስኮት ገብተን እያንዳንዱን አወጣን። እንደ ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቀለልነው። በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኬላውን አልፈን በጀርባችን ደጋ አወጣነው። ወታደሩ የኔን ሸክም ሊፈታ ሲል ሄራን ጀርባዬ ላይ አለቀሰች፤ ‹ሂጂ፣ ልጅሽን አጥቢ› ብሎ ለቀቀኝ። ከልጄ ጋር አብሬ ነው ያዘልኩት። ባዶውን ሳጥን ቀበሌ ወስዶ ጠረጴዛ አደረገው፤ በኋላ ነው የተመለሰልን። እኔን አሰሩኝ። ‹የት ነው?› እያሉ የውስጥ እግሬን ገረፉኝ። ባሌ እንኳ አያውቅም ነበር። ከእነዚህ አንዷም ለባሏ አልተናገረችም። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ፣ ልጄ፣ አንዲት ቃል ከአፋችን አልወጣችም።»

ልክነሽ ወደ ካሱ አንድ እርምጃ ቀረበች። 

«ያን ጊዜ ዋጋ እንዳለው ማንም አልነገረን። አደራ ነው ተብለን ብቻ ነው። አንተ አንዲት ቃል፣ ‹አትንኩት› የምትል አንዲት ቃል ብትነግረን፣ በሩ ላይ ተኝተን እንጠብቀው ነበር። የልጄን መኪና በገዛ እጄ አሳጠብከኝ።»

ካሱ ተንበረከከ።  እግሯን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን አልፋው ሄዳ ዳንቴሉን ከበሬው ላይ አነሳች፣ አጠፈችው፣ ደረቷ ላይ ይዛ ወጣች። ሴቶቹ አንድ በአንድ ተከተሏት። ዓሣው በሩ ላይ ቀረ።

ሄንሪክ ከተቀመጠበት ሆኖ ሁሉንም ያይ ነበር። የተናገረችው አልገባውም፤ ፊቷ ግን ገብቶታል። «ምን አለችህ?» አለው።

 ካሱ ከኮባው ቅጠል ጀምሮ «በገዛ እጄ አሳጠብከኝ» እስካለችው ድረስ፣ አንዲትም ቃል ሳይሰውር ተረጎመለት።